የተደበቀው ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባሎች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ!

ዛሬ የምጽፍላችሁ በየቤታችን ስላለው፣ በየቀኑም ስለምናየው፣ ከዚህም የተነሣ ስለማናስተውለው ነገር ነው፤ ይኸውም ሕፃናትን ስለ ማሳደግ። «እኛ ገና ወጣቶች ነን፤ ልጅ የለንም፤ ይህ የአባቶችና የእናቶች ጉዳይ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በሲሪንቃም ሆነ በመርሳ ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት የሌለው ከመካከላችን ስንቱ ነው? እናት ገበያ ስትሄድ፣ አባት እርሻ ሲውል ሕፃኑን የሚያጥበው፣ የሚያበላውና የሚቀጣው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት አይደለምን? እሑድ እሑድስ የሕፃናቱን ክፍል አርጩሜ ይዘን የምናስተምረው እኛው አይደለንምን? ስለዚህ ነገሩ የእኛም ነው። የምነግራችሁም የራሴን ጥፋት ስለሆነ በማንም ላይ እንደ መፍረድ አትቁጠሩብኝ።

በ2015 ዓ.ም. ለፋሲካ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤት በመጣሁ ጊዜ በቤታችን ሦስት ሕፃናት ነበሩ። ወንዱ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ማሙሽ ልበለው። ተከታይዋ አራት ዓመቷ ነው፤ እርስዋን ሚጣ እንበላት። ሦስተኛዋ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ሕፃናት ያሉበት ቤት እንዴት እንደሚውል ታውቃላችሁ። እናቴ «ልጆች ሲጮኹ አልሰጋም፤ ጸጥ ሲሉ ነው የምሰጋው» ትላለች፤ እውነቷን ነው። አንድ ቀን ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ሮጣ ብትገባ ሚጣ የቡሖ ዕቃውን ከፍታ፣ ከምድጃው አመድ በጣሳ እየዛቀች ሊጡ ላይ ትጨምራለች። «ምን እያደረግሽ ነው?» ብትላት «ዱቄት አንሶታል፤ እያገዝኩሽ ነው» አለቻት። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚባለው በቤታችን በዓይን ታየ። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ የጤፉ ዋጋ ትዝ ሲላት ዕንባዋ መጣ። ሚጣን ግን አልመታቻትም፤ እጇን አጥባ ከአጠገቧ አስቀመጠቻትና በትንሽ ሳህን ዱቄትና ውኃ ሰጥታ እንድታቦካ አደረገቻት።

እኔ እንደ እናቴ አልነበርኩም። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ማሙሽ የእናቴን ነጠላ ለብሶ ካህን ሆነ፤ ሚጣ ዲያቆን ሆነች። ጥምቀትን አስታውሰው ነው። የሚጠመቅ ሰው ስላጡ ዶሮዋ በቅርብ የፈለፈለቻቸውን ጫጩቶች አንድ በአንድ እያነሱ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ሦስት ሦስት ጊዜ አጠመቁአቸው። ከውጭ ስገባ ሦስት ጫጩቶች ሞተው አገኘሁ። «ማነው ይህን ያደረገው?» ብዬ ጮኽሁ። ማሙሽም «ድመቷ ናት» አለኝ። እርጥቡ ነጠላ ግን ገና ከትከሻው አልወረደም ነበር። «ስለ ጫጩቶቹ አይደለም የምቀጣህ፤ ስለ ውሸቱ ነው» ብዬ በአርጩሜ ገረፍኩት። በልቤም እውነትን አስተማርኩ ብዬ ረካሁ።

ከዚያ ወዲህ ልጁ አልዋሸኝም። ግን እውነትም አልነገረኝም። ብርጭቆ ሲሰበር ስባሪው ከአልጋ ሥር ይገኛል፤ ሱሪው ሲቀደድ ከእንጨቱ ክምር ኋላ ተጠቅልሎ ይገኛል። እኔ ግን ጩኸትና ጥፋት ስለ ቀነሰ «ልጁ ተስተካከለ» አልኩ። መደበቅን መማሩን አላወቅሁም።

አባታችን ለልጆቹ አንድ የቆየ ዕዳ ነበረባቸው። ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ ደርሶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ፣ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ልጆቹን ለማጽናናት «ሰላም ሲሆን ሐይቅ ወስጄ ውኃውን አሳያችኋለሁ» ይሏቸው ነበር። ልጅ ተስፋ አይረሳም። ሰላም ከሆነ በኋላ ማሙሽ በየሰንበቱ «አባባ፣ ሐይቅ መቼ ነው?» እያለ ይጠይቃቸው ነበር። ስለዚህ በበዓለ ኀምሳ አንድ ቀን እናቴ ዳቦ ጋግራ፣ ቡና ቆልታ፣ ሁላችንም በሌሊት ተነሥተን በሚኒባስ ተሳፈርን።

መርሳንና ውርጌሳን አልፈን ውጫሌ ስንደርስ አባታችን ስለ ውጫሌ ውል ነገሩን። በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተደረገው ያ ውል በ17ኛው አንቀጽ አንድ ነገር በአማርኛው፣ ሌላ ነገር በኢጣልያንኛው ይል ነበር። አማርኛው «ቢፈልግ ይችላል» የሚል ሲሆን ኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፤ ጠቡም በመጨረሻ ወደ ዓድዋ ደረሰ። ያን ጊዜ ታሪክ ብቻ መስሎኝ ሰማሁ። ወደ ማታ ግን በእኔና በወንድሜ መካከልም ሁለት ትርጉም ያለው አንድ ቃል እንደ ነበረ ገባኝ። እኔ «ቅጣት» ስል ትምህርት ማለቴ ነበር፤ በእርሱ ቋንቋ ግን «ከወንድምህ ሽሽ» ማለት ነበር።

ሐይቅ ደረስን። መጀመሪያ አባታችን፣ እኔና ማሙሽ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ተሳለምን፤ ወደዚያ ሴቶች ስለማይገቡ እናቴ ከሴቶቹ ልጆች ጋር በዳርቻው ቆየች። ቦታው ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በየብስ ተያይዟል። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ማኅበሩን አቋቁመው ብዙ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእግራቸው ሥር የተማሩበት፣ ያስጻፉት ወንጌልም እስከ ዘመናችን የቆየበት ቅዱስ ስፍራ ነው። ኅዳር 26 ቀን በዓላቸውን የምናከብረው እኚህን አባት ነው። እዚያ ቆሜ «እኔም እኮ መምህር ነኝ፤ የሕፃናት ክፍል አስተምራለሁ» ብዬ በልቤ ደስ ሲለኝ ነበር።

ከዚያ ተመልሰን ከዳርቻው ተቀመጥን። አባታችን ዓሣ ሊገዙ ሄዱ። እናቴ ሕፃኗን ታጠባለች። እኔ ጋደም ለማለት ፈልጌ ማሙሽን «እኅትህን ጠብቅ፤ አንድ ነገር ቢጠፋ ወዮልህ!» አልኩት። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ።

ጥቂት እንደ ቆየሁ ሚጣ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ብቻዋን መጣች። «ጫማዬ ዋኘ» አለች። ለፋሲካ የተገዛላት አዲስ ጫማ ነበር። «ማሙሽስ?» አልናት። «እሱማ ተደበቀ» አለች። እናቴ ሕፃኗን እንዳቀፈች ብድግ አለች። እኔም ወደ ውኃው እየሮጥኩ ስሙን ጠራሁ፤ መልስ የለም። ደግሜ ጠራሁ፤ መልስ የለም። ስፈራ ጊዜ ድምፄ ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ «ና ውጣ! ዛሬ አልምርህም!» እያልኩ ጮኽሁ። አባታችን ሮጠው ደርሰው ክንዴን ያዙኝና «በዚህ ድምፅ ብትጠራኝ እኔስ እወጣ ነበር ወይ?» አሉኝ። እርሳቸው በለሰለሰ ድምፅ «ማሙሽዬ፣ አባባ ነኝ፤ ና ዓሣ እንብላ» እያሉ መጣራት ጀመሩ። ያን ጊዜ ከፊላው ውስጥ ትንሽ የልቅሶ ድምፅ ተሰማ።

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በታንኳቸው ወደ ድምፁ ቀዘፉ። ልጁ ውኃው እስከ ደረቱ ደርሶ፣ በአንድ እጁ ፊላውን ጨብጦ፣ በሌላው የሚጣን ጫማ ይዞ ቆሟል። ያ ሐይቅ በመካከሉ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ከፊላው ወዲያ ምን ያህል ይርቅ እንደ ነበር እስከ ዛሬ ሳስበው ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው ጎትተው ታንኳው ላይ አወጡትና «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» እያሉ በጋቢያቸው ጠቀለሉት። ለአባቴ ሲያስረክቡም «አልሐምዱሊላህ በሉ፤ ከውኃ የወጣ ልጅ አይመታም» አሉን።

ልብሱን ከለወጥንለት በኋላ «ስጠራህ አልሰማህም ነበር?» አልኩት።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ልብሴ ረጥቧላ። ትመታኛለህ ብዬ ነዋ።»

«ውኃውን አልፈራህም?»

«ፈርቼዋለሁ። አንተን ግን ይበልጥ ፈራሁህ፣ ወንድም ጋሼ።»

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በሕይወቴ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አልሰማሁም። እናቴም ማታ በመንገድ ላይ እያለቀሰች «ዝም ማለትን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ በጦርነቱ ጊዜ ሲፈራ ድምፅ እንዳያሰማ አፉን በእጄ እይዘው ነበር» አለች። እርስዋ ግን ይህን ያደረገችው ነፍሱን ለማዳን ነበር። እኔ በሰላም ቀን፣ በገዛ ቤቱ ውስጥ፣ ስለ ሦስት ጫጩት አንደበቱን ዘጋሁት።

እንግዲህ ከዚህ ነገር ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ እግዚአብሔር የተደበቀውን እንዴት እንደ ፈለገ እንመልከት። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈው አዳም ትእዛዝ ባፈረሰ ጊዜ በዛፎች መካከል ተደበቀ። እግዚአብሔር አዳም የት እንዳለ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ነገር ግን ወዴት እንዳለ ጠየቀው። አዳም ራሱ እንዲናገር ዕድል ሰጠው፤ መፍራቱንና መደበቁንም አዳም በገዛ አንደበቱ ተናገረ። ቅጣቱ አልቀረም። ሆኖም ከገነት ከማስወጣቱ በፊት የቁርበት ልብስ አለበሳቸው። ከሁሉም በላይ ያዳኛቸው ዘንድ ወልድን የመስጠት ተስፋ ሰጠ። አስተውሉ፤ የእግዚአብሔር ጥያቄ የተደበቀውን የሚያወጣ ነው። የእኔ «ማነው ይህን ያደረገው?» ግን የቆመውን የሚያስደብቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን እናስታውስ። ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ እመቤታችንና ጻድቁ ዮሴፍ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ይዘውት ወጡ። ሲመለሱ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ከሦስት ቀንም በኋላ በመቅደስ አገኙት። ጌታችን ጥፋት ኖሮበት አይደለም፤ በአባቱ ቤት ነበር። እመቤታችን ግን ይህ ገና ሳይገባት፣ ልቧ በጭንቀት ተቃጥሎ ሳለ ምን አደረገች? ጠየቀችው፤ መጨነቃቸውን ነገረችው፤ መልሱንም ሰማች። መልሱ ባይገባቸውም ነገሩን በልቧ ጠበቀችው። እርሱም ወደ ናዝሬት ወርዶ ይታዘዛቸው ነበር። እኛ ከአንድ ሰዓት ፍለጋ በኋላ ያገኘነውን ልጅ መጀመሪያ በጥፊ መትተን ቀጥለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን?

ሦስተኛ፣ ይህን ስል ልጅ አይገሠጽ ማለቴ አይደለም። ካህኑ ዔሊ ልጆቹ ሲበድሉ እያወቀ ስላልከለከላቸው በቤቱ ላይ ምን እንደ ደረሰ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ እናነባለን። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ቢባልም ንፍጡን መጥረግ ደግሞ የወዳጅ ግዴታ ነው። ሆኖም ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 6 ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ፣ አባቶችም ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ፣ በጌታ ምክርና ተግሣጽ እንዲያሳድጓቸው ያዝዛል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው መጽሐፍ የሕፃንን ነፍስ በከተማ፣ የስሜት ሕዋሳቱን በከተማው በሮች መስሎ ያስተምራል። በር የሚጠበቀው ክፉው እንዳይገባ፣ መልካሙ እንዲገባ ነው። እኔ ግን በፍርሃት በሩን ስለ ዘጋሁት መልካሙም መግቢያ አጣ፤ ልጁም መውጫ አጣ።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። እኛ የማሽላ አገር ሰዎች ነን፤ የእርሻ ምርምር ማዕከልም በሲሪንቃ አለ። አቀንጭራን የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ሐምራዊ አበባዋ ሲታይ ታምራለች፤ ግን አበባዋ በታየበት ጊዜ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል፤ ከአፈር በታች የማሽላውን ሥር ስትመጥ ከርማለችና። ዘሯ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ በአፈር ውስጥም ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። የሚቀሰቅሰው ማሽላው ራሱ ከሥሩ የሚያወጣው ንጥረ ነገር ነው። ማሽላው ሳያውቅ ጠላቱን ይጠራል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል። የዚህ ዓይነቱ ማሽላ አንዱ ምሥጢር ያንን ጠሪ ንጥረ ነገር ከሥሩ እምብዛም አለማውጣቱ ነው። አይጠራትም፤ ስለዚህ አትመጣም። በአገራችን ለገበሬው ከተሰጡት ከእነዚህ ዝርያዎች አንዱ ስሙ «አብሽር» ይባላል፤ ያ ሽማግሌ ለወንድሜ ያሉት ቃል ነው።

ውሸትና ድብብቆሽም በልጅ ልብ እንደ አቀንጭራ ዘር ናቸው። የአዳም ልጆች ነንና ዘሩ በሁላችን ውስጥ አለ። የሚጠራው ግን የእኛ ቁጣ ነው። ማሙሽ «ድመቷ ናት» ያለኝ ውሸታም ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ እኔ ከመጠየቄ በፊት ስለ ጮኽሁ ነው። ውሸቱን የቀሰቀስኩት እኔ ሆኜ ሳለ እንደገና ስለ ውሸቱ ገረፍኩት። ጩኸት የሌለበት ቤት ጥፋት የሌለበት ቤት አይደለም፤ ነገር ግን ጥፋቱ ወደ ብርሃን የሚወጣበት ቤት ነው።

ስለዚህ በቤታችንም ሆነ በሕፃናት ክፍላችን ይህን እንልመድ። ልጅ ሲያጠፋ መጀመሪያ እንጠይቀው፤ ስንጠይቀውም እስኪጨርስ እንስማው። እውነቱን ስለ ተናገረ እናመስግነው፤ ጥፋቱን ደግሞ አብሮን እንዲያስተካክል እናድርገው። ያፈሰሰውን ይጥረግ፤ የሰበረውን ይልቀም። በቁጣ ሰዓት ደግሞ እጃችንን እንሰብስብ፤ በቁጣ የተነሣ እጅ የሚያቀጣጥለው የራሱን ንዴት ነውና። አርጩሜውንም ከክፍላችን እናውጣው። ሕፃናት ወደ እርሱ እንዳይመጡ የከለከሉትን ደቀ መዛሙርት ጌታችን እንደ ተቆጣቸው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ተጽፏል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ አርጩሜ ይዞ የቆመ መምህር ከእነዚያ በምን ይለያል?

በመጨረሻም ነገሩ ወደ እኛ ወደ ወጣቶቹ ይመለሳል። እኛስ አልተደበቅንምን? ከመካከላችን ወደ ንስሐ አባቱ ከሄደ ዓመት ያለፈው ስንት ነው? ኃጢአታችንን የቤታችን ልጅ የብርጭቆ ስባሪ ከአልጋ ሥር እንደሚደብቀው ደብቀን፣ ውኃው እስከ ደረታችን ደርሶ ሳለ፣ ስንጠራ ዝም ያልን ብዙዎች ነን። ለምን? እግዚአብሔርን እኔ በሐይቁ ዳር እንደ ነበርኩት አድርገን ስለምናስበው ነው፤ «ና ውጣ፣ ዛሬ አልምርህም» የሚል ይመስለናል። እርሱ ግን እንዲህ አይደለም። ድምፁ አባቴ በፊላው ዳር ቆመው እንደ ተጣሩት ያለ ድምፅ ነው። የሚጠራን ሊያወጣን፣ እርጥቡን ልብሳችንን ለውጦ ደረቁን ሊያለብሰን፣ ከማዕዱም ሊያበላን ነው። ከውኃው ይልቅ እርሱን መፍራት የሚገባው ልጅ በፍቅር ሲፈራ ነው፤ እንዲህ ያለው ፍርሃት ከአባት አያስሸሽም፤ ወደ አባት ያስሮጣል።

ከሐይቅ ከተመለስን ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ሳነብ ማሙሽ ወደ እኔ መጣ። እጆቹ በጥቁር የሸክላ ስባሪ የተሞሉ ናቸው። ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ «ወንድም ጋሼ፣ ጀበናውን እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እጄ እንደ ልማዱ ሊነሣ ነበር። ነገር ግን ውኃው ትዝ አለኝ። «ስለ ነገርከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ና እንልቀመው» አልኩት። ከዚያ አብረን ገበያ ሄደን ሌላ ጀበና ገዛን፤ እስከ ቤትም በሁለት እጁ አቅፎ የተሸከመው እርሱ ነው። አንድ ጀበና ጠፋብን፤ አንድ ልጅ ግን ተመለሰልን።

እንግዲህ የተደበቀውን አዳምን የፈለገ አምላክ፣ በቤታችን የተደበቁትን ሕፃናት የምናወጣበት የለሰለሰ አንደበት ይስጠን፤ እኛንም ከተደበቅንበት ያውጣን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የአባታችን የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጸሎትና በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።